የአንኮ በር

አንኮበር ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች የሰሜን ሸዋ ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን መንገድ ሜዳ ለሜዳ ይጓዛል፤ ግራና ቀኙ የገብስና የባቄላ ማሳ፣ የበግ መንጋና በድንጋይ ካብ የታጠረ ጎጆ ነው። በአንዳንድ ቦታ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ደጋ በመጨረሻ ጫፉ ላይ ቁልቁል ይቆረጣል። ከጫፉ ዝቅ ብሎ፣ ከዋናው ተራራ ወጣ ብሎ የቆመ ሾጣጣ ኮረብታ አለ። የሸዋ ነገሥታት ግቢ በዚያ ኮረብታ ራስ ላይ ነበር። ሰማዩ በጠራ ጠዋት ከዚያ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው ደረጃ በደረጃ እየወረደ የሚሄደውን የይፋት ምድር፣ ከእርሱም ወዲያ የአፋርን ሜዳ ያያል። ክረምት ከሆነ ግን ጉሙ ከሥር እየተነሳ ኮረብታውን ስለሚውጠው ፊት ለፊት ያለ ዛፍ እንኳ አይለይም።

የከተማዋ ስም ከሁለት ቃላት የተገጠመ ነው፤ «አንኮ» እና «በር»። አንኮ በአንድ ወቅት አካባቢውን ትገዛ የነበረች የኦሮሞ ባላባት ስም ነው የሚል ትውፊት አለ። የመጀመሪያው ቃል ቢያከራክርም ሁለተኛው አያሻማም። በሀገሬው አነጋገር በር የሚባለው የቤት መግቢያ ብቻ አይደለም፤ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚያሳልፍ የተራራ መተላለፊያም በር ነው፤ በስተሰሜን ያለው ጣርማ በር ስሙን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። አንኮበርም ስትቆረቆር፣ ስትገንም፣ ኋላም ስትደክም ነገሩ ሁሉ የተያያዘው ከዚህ በርነቷ ጋር ነው።

የሸዋ መሳፍንት ቤት መነሻው መንዝ ነው። የጎንደር ቤተ መንግሥት ሥልጣን እየላላ ሲሄድ የነጋሲ ክርስቶስ ዘሮች ከመንዝ ቀስ በቀስ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እየሰፉ መጡ። የይፋት ዳገት የእስላም መንግሥት የነበረበት፣ የንግድ መንገድ የሚያልፍበት፣ ለም የሆነ አገር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ መቀመጫቸውን አንኮበር ላይ አደረጉ። ቦታው የተመረጠበትን ምክንያት ለመረዳት ኮረብታውን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። ሦስቱ ጎኑ ገደል ነው፤ ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ሰው ብዙ ሰው ሊያስቆም ይችላል። የጽድና የኮሶ ደን በቅርብ አለ፤ ምንጭ ከተራራው ሥር ይፈልቃል። ከሁሉም በላይ ግን ከባሕር ወደብ ወደ ሸዋ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ከዚህ ኮረብታ ሥር ሳያልፍ ደጋ አይወጣም።

ከአምኃ ኢየሱስ በኋላ ልጃቸው አስፋ ወሰን፣ ከዚያም ወሰን ሰገድ ገዙ። አንኮበር ስሟ ባሕር ተሻግሮ የተሰማው ግን በወሰን ሰገድ ልጅ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ገዝተዋል፤ የአባቶቻቸውን «መርዕድ አዝማች» የሚል ማዕረግ ትተው «ንጉሥ» መባልን የጀመሩትም እርሳቸው ናቸው። ግቢያቸው በኮረብታው ጫፍ ላይ በእንጨት አጥር ላይ አጥር እየተደራረበ የተከበበ ነበር። ከአጥሩ ውስጥ አዳራሽ፣ እልፍኝ፣ ግምጃ ቤት፣ የእህል ጎተራ፣ የጠጅ ቤትና የእጅ ባለሙያዎች መሥሪያ ነበረ። ከአጥሩ በታች ያለው ሕዝብ ቤቱን በተዳፋቱ ላይ እየደለደለ ሰርቷል፤ የአንዱ ቤት ጣሪያ ከላይ ካለው ጎረቤት ደጅ ጋር እኩል ይሆናል። በዘመኑ የመጡ የውጭ ሰዎች የነዋሪውን ቁጥር ከአሥር ሺህ በላይ ይገምቱት ነበር። ለዛሬዋ አንኮበር ይህ ቁጥር ትልቅ ነው።

የዚያን ዘመን አንኮበር የንግድ ሥራዋን የምትሠራው ራሷ ላይ ሳይሆን እግሯ ሥር ነበር። ግመል ደጋ አይወጣም። ከታጁራ ወደብ ተነስቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ሲራራ ነጋዴ መጀመሪያ ከዳገቱ ሥር፣ ፋሬ በምትባለው ቦታ ይቆማል፤ እዚያ ዕቃው ይቆጠራል፣ ቀረጡ ይተመናል፣ የመጣው ሰው ማንነት ወደ ንጉሡ ይላካል። የንጉሡ ፈቃድ ሳይደርስ አንድም የውጭ ሰው ሽቅብ አይወጣም። ፈቃድ ሲመጣ የግመሉ ጭነት ወደ በቅሎና ወደ አህያ ተዛውሮ ዳገቱን ይያያዘዋል። የዚህ ሁሉ እምብርት አልዩ አምባ ነበረች። አልዩ አምባ ከአንኮበር በታች፣ ወይና ደጋው ላይ፣ በአንድ አምባ ራስ የተቆረቆረች የነጋዴዎች ከተማ ስትሆን በሣህለ ሥላሴ ዘመን ገበያዋ የሚውለው ዓርብ ዓርብ ነበር። የአፋር ጨው፣ የሕንድ ጨርቅ፣ መዳብ፣ ዶቃና ጠመንጃ ከታች ይመጣል፤ ቡና፣ ዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቆዳ ከላይ ይወርዳል። የሰው ልጅም ይሸጥ ነበር። አብዱል ረሱል የምትባለው መንደር የታወቀችው በባሪያ ገበያዋ ነበር፤ ከደቡብ የተነዱ ብዙ ወጣቶችም ዳገቱን ወርደው የቀሩት በዚያ በኩል ነው። የአንኮበር ቤተ መንግሥት ሀብት ሲነሳ ከዚህ ገበያ የሚሰበሰበው ቀረጥም አብሮ ሊነሳ ይገባዋል።

በአልዩ አምባና በዙሪያዋ የሰፈሩት በተለይ አርጎቦች ናቸው። አርጎባ የእስልምና ተከታይ፣ ገበሬ፣ ሸማኔና ነጋዴ ሕዝብ ሲሆን አርጎብኛ የሚባለው ቋንቋው ለአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው። መንደሩን በአምባ ራስ ላይ በድንጋይ መሥራት ልማዱ ነው፤ እርሻው ከመንደሩ በታች በእርከን ተደልድሎ ይወርዳል። ከአርጎቦች ጋር የሐረርና የአፋር ነጋዴዎችም አልዩ አምባ ላይ ቤት ነበራቸው። ክርስቲያኑ ንጉሥ ይህንን የእስላም አገር የሚያስተዳድሩት በራሱ በአገሩ ሰው ነበር። ሹሙ «ወላስማ» ይባላል። ስሙ ከ13ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን የይፋትን ሱልጣኔት ከገዛው ከወላስማ ሥርወ መንግሥት የመጣ ነው፤ መንግሥቱ ከፈረሰ ከአራት መቶ ዓመት በኋላም ማዕረጉ አልጠፋም። በሣህለ ሥላሴ ዘመን የነበሩት ወላስማ መሐመድ የምሥራቁን ጠረፍ ከመጠበቅ በላይ ሌላ ከባድ አደራ ነበረባቸው፤ የጎንቾ ግዞት ቤት በእጃቸው ነበር። ጎንቾ የሚታሰሩት ወንበዴዎች ብቻ አልነበሩም። አዲስ ንጉሥ ሲነግሥ ዙፋን ሊቀናቀኑ ይችላሉ የሚባሉ ወንድሞቹ ይዘው የሚታጎሩት እዚያ ነው።

የውጭ ሰዎችም በዚሁ በር ገቡ። የፕሮቴስታንት ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1831 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጥቶ ሦስት ዓመት ያህል ቆየ፤ በአንኮበር ቆይታው የኦሮምኛን ቋንቋ አጥንቶ በጽሑፍ አሠፈረ። በ1833 ዓ.ም. ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሀሪስ ከቦምቤይ የእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ ብዙ ግመል ሙሉ ገጸ በረከት ይዞ ደረሰ። በዓመቱ ኅዳር ላይ ከሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ለንጉሡ ካመጣቸው ዕቃዎች ሁሉ ደስ ያሰኟቸው ጠመንጃዎቹና መድፎቹ ነበሩ። ንግዱ እንደታሰበው አልሰፋም። ከሀሪስ ጉዞ የቀረው ትልቅ ነገር በእንግሊዝኛ በሦስት ቅጽ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በዘመኑ የእንግሊዝ መኮንን ዓይን ስለሆነ ንቀትና ማጋነን አያጣውም፤ ያም ሆኖ የግቢው አጥር ስንት እንደነበረ፣ ፍርድ እንዴት እንደሚታይ፣ ገበያው እንዴት እንደሚውል የሚነግረን ይኸው መጽሐፍ ነው። ንጉሡ በጎንቾ የታሰሩ ዘመዶቻቸውን በዚያው ሰሞን መፍታታቸውም እዚያ ተጽፏል።

ሣህለ ሥላሴ ለእጅ ሥራ የተለየ ፍቅር ነበራቸው። ጠመንጃ አዳሽ፣ ሸማኔ፣ ብር ሠሪ፣ ባሩድ ቀማሚ በግቢው ዙሪያ ይኖር ነበር። አንድ ከውጭ የመጣ ግንበኛ በውኃ የሚዞር ወፍጮ እንደሠራላቸው የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። ካህናቱ ያለ ሰው ጉልበት የሚፈጭ ነገር የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለተቃወሙ ወፍጮው ብዙም ሳይሠራ ቆመ። ሴቶቹ በእጅ ወፍጮ ሲፈጩ ኖሩ፤ ስለ ውኃ ወፍጮው እነርሱ ምን ይሉ እንደነበር የጠየቀ ተጓዥ የለም።

ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. አርፈው ልጃቸው ኃይለ መለኮት ተተኩ። ስምንት ዓመት ሳይሞላ አፄ ቴዎድሮስ ከሰሜን መጡ። ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን በሕመም ሞቱ፤ የሸዋ ሰዎች የ11 ዓመቱን ልጃቸውን ምኒልክን ይዘው በረኸት ላይ ተዋጉ፣ ተሸነፉም። ቴዎድሮስ ልጁን ወስደው መቅደላ አኖሩት፤ ለሸዋም የራሳቸውን ሹም ሾሙ። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ አባታቸው አገር የገቡት በ1857 ዓ.ም. ነው። ራሱን ንጉሥ ያደረገው የሸዋ ገዥ በዛብህ ሊከላከላቸው ቢሞክርም ሠራዊቱ ለባለ አልጋው ልጅ አደላ። አንኮበር እንደገና የንጉሥ ከተማ ሆነች።

ምኒልክ በአንድ ቦታ የሚቀመጡ አልነበሩም፤ አንዴ ልቼ፣ አንዴ አንኮበር፣ አንዴ ዘመቻ ላይ ነበሩ። አንኮበር ግን ግምጃ ቤታቸውና የውጭ እንግዳ መቀበያቸው ሆና ቆየች። በ1869 ዓ.ም. የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች በማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ መሪነት ሲመጡ ከከተማዋ አቅራቢያ ልጥ ማረፊያ የተባለው ቦታ ተሰጣቸው። አንቲኖሪ ወፍ አጥኚ ሽማግሌ ነበር። ሸዋ በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጠመንጃ በድንገት ፈንድቶ ቀኝ እጁን ክፉኛ ጎዳው፤ ያም ሆኖ ወፍና አውሬ እየሰበሰበ፣ ቆዳ እየገፈፈ ወደ አገሩ መላኩን አልተወም። በ1874 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ልጥ ማረፊያ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። የጥናት ጣቢያው ግን ከሳይንስ ወደ ፖለቲካ ማዘንበሉ አልቀረም። ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ በግንቦት 1875 ዓ.ም. አንኮበር ላይ ከምኒልክ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈራረመ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ የውጫሌን ውል ያመጣውም ይኸው ሰው ነው።

በ1871 ዓ.ም. ደግሞ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊዝ መሐንዲስ ዳገቱን ወጣ። ምኒልክ ችሎታውን ለመፈተን መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ አስሠሩት ተብሎ ይተረካል። ኢልግ ከምኒልክ ጋር ሃያ ሰባት ዓመት ያህል ኖረ። ወደ ሸዋ የገባው በአንኮበር በር ነው፤ ያንን በር ለዘለቄታው የዘጋውን ሥራ ከጠነሰሱት አንዱም እርሱ ነው።

የአንኮበር ታሪክ የታጠፈበት ዓመት 1879 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። ጥር መጨረሻ ላይ ደግሞ አርተር ራምቦ፣ በወጣትነቱ ግጥም ጽፎ የተወው ፈረንሳዊ፣ ሁለት ሺህ ያህል ያረጁ ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ ከታጁራ ከተነሳ ከአራት ወር በኋላ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ አልነበሩም። ዕቃውን ይዞ እስከ እንጦጦ ሄደ፤ እዚያ በዋጋ ተከራክሮ፣ የሞተ ሸሪኩ አበዳሪዎች ግራ ቀኝ ይዘውት፣ ካሰበው በታች ተቀብሎ ወጣ። ሲመለስ ግን በመጣበት አልሄደም። አዲስ በተከፈተው በሐረር መንገድ በኩል ወረደ። ለአንኮበር ነገሩ ያለቀው ያኔ ነው ቢባል ብዙ አይጋነንም፤ ሐረር ከተያዘ በኋላ ከባሕር ለመምጣት የአፋርን በረሃ አቋርጦ የይፋትን ዳገት መውጣት ግድ መሆኑ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የዚያው ተከታይ ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ታጁራ በጅቡቲ ተተካች፣ ግመል በባቡር ተተካ። መኳንንቱ ጌታቸውን ተከትለው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ አሽከሩም፣ ባለሙያውም፣ ነጋዴውም ተከተለ። የቀሩት ካህናትና ገበሬዎች ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ወደ ደሴ የሚወስደው የመኪና መንገድ ደግሞ ገደሉን የወረደው በጣርማ በር በኩል፣ ተራራው በዋሻ ተበስቶ ነው። አንኮበር ሁለተኛ ጊዜ ታለፈች።

ወረራው ራሱ ግን አላለፋትም። በአምስቱ ዓመት የይፋት፣ የመንዝና የቡልጋ ገደላ ገደል የአርበኛ መሸሸጊያ ነበር፤ እነ ኃይለ ማርያም ማሞና እነ አበበ አረጋይ የሸዋን ትግል የመሩት በእነዚህ ተራሮች ውስጥ ነው። ዳገቱ የቀረጥ በር መሆኑ ቢቀርም የሽምቅ በር መሆኑ አልቀረም ነበር።

ዛሬ አንኮበር የወረዳ ስም ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወረዳው ከ76,000 በላይ ሕዝብ ነበረው፤ አብዛኛው ገበሬ ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤቶች ያሉት ግን በነገሥታቱ ኮረብታ ላይ ሳይሆን በቅርብ ርቀት፣ ጎረቤላ በምትባለው ከተማ ነው። መድኃኔ ዓለም፣ ሚካኤልና ማርያምን የመሳሰሉት ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት በቦታቸው አሉ፤ በዓላቸው በደረሰ ጊዜ የተበተነው የአንኮበር ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ይመጣል። በግቢው ኮረብታ ላይ ከድሮው ቤተ መንግሥት የተረፈው የድንጋይ ግንብ ቁራጭ ነው። አጠገቡ የቀድሞውን አዳራሽ ቅርጽ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ የእንግዳ ማረፊያ ቆሟል፤ እንግዳው መኪናውን ከታች አቁሞ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል፤ ቀድሞም ቢሆን ማንም ወደዚያ የሚወጣው እያለከለከ ነበር።

የአካባቢው ኑሮ የሚለካው በከፍታ ነው። ከላይ ደጋውና ውርጩ የገብስ፣ የስንዴ፣ የባቄላና የበግ አገር ነው። ወረድ ሲባል ጤፍ ይመጣል፤ አልዩ አምባ ሲደረስ ማሽላ፣ ጫት፣ ሽንኩርትና ፍራፍሬ ነው። በጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ ሰው ከጋቢ ወደ ነጠላ ይወርዳል። ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው አይኖርም። በገበያ ቀን ገና ሳይነጋ የአህያ ኮቴ ድንጋዩ ላይ ይሰማል፤ ከላይ ገብስና ባቄላ የጫነው ይወርዳል፣ ከታች ማሽላና በርበሬ የጫነው ይወጣል። ጠባቡ መንገድ ላይ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወርደው ወደ ተራራው ተጠግቶ ለሚወጣው ያሳልፋል፤ ሽቅብ የያዘ አህያ አንዴ ከቆመ ማስነሳት ከባድ ነው። ሰላምታውም እዚያው ይሰጣል፤ ማን ሞተ፣ ማን ወለደች፣ በቆሎ ስንት ገባ። የደጋው ክርስቲያንና የቆላው ሙስሊም ሥጋውን ለየብቻ ያርዳል፤ የሰርግ ድግስ ካለ ለእንግዳው በሃይማኖቱ የታረደ ይዘጋጅለታል፣ ለቅሶ ሲሆን ግን ማንም ማንን ሳይለይ ይደርሳል።

የመንደር ማኅበራዊ ኑሮ የተያዘው በዕድር፣ በሰንበቴና በማኅበር ነው። ሰንበቴ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ የሚደረግ ነው፤ ተራ የደረሰው ሰው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ይመጣል፣ ካህኑ ይባርካል፣ የተጣላም ካለ እዚያው በሽማግሌ ይታያል። ዕድር ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ይይዛል። በአንኮበር ተዳፋት ላይ ድንኳን መትከል ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ቀጥ ያለ ቦታ ስለማይገኝ የታችኛው ካስማ ረዘም ብሎ ይቆረጣል፣ ለንፋሱም ጥግ ጥጉ በድንጋይ ይጫናል። አዝመራ ሲደርስ ደቦ ይጠራል። የባለ ቤቱ ሚስት ቀደም ብላ ጠላዋን ጠምቃ ካልቆየች ደቦው እንደማይሞላ ሁሉም ያውቃል።

ከላይ ባለው ገብስ ላይ የገበሬው ተቀናቃኝ ጭላዳ ነው። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አይገኝም። ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣና ሣር እየነጨ ይውላል፤ ገብሱ ሲያሸት ግን ከሣሩ ወደ ማሳው ይሻገራል። ያኔ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ከማሳው ዳር ይቀመጣሉ። ቱሪስቱ ደረተ ቀዩን አውራ ሲያይ ካሜራውን ያነሳል፣ ልጁ ድንጋይ ያነሳል።

ከከተማዋ በስተሰሜን እስከ ጣርማ በር አቅጣጫ የሚዘልቀው የወፍ ዋሻ ደን በሸዋ ከቀሩት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ከላይ አስታ አለበት። ዛሬ መናገሻ ላይ የሚታየው የጽድ ደን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር ተተከለ የሚል የቆየ ትውፊት አለ። የአንኮበር አካባቢ ገደል ደግሞ አንቲኖሪን ያመለጠች ወፍ ነበረችው። አዕዋፍ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1976 አንዲት ትንሽ፣ ቡናማ፣ ደረቷ ዝንጉርጉር፣ ዘር ለቃሚ ወፍ አገኙ፤ በ1979 ለሳይንስ ስትመዘገብ የተሰጣት ስም «አንኮበረንሲስ» ሆነ፤ የአንኮበር እንደማለት ነው። ወፏ ከሰሜን ደጋ ገደላ ገደል በቀር አትታወቅም። ማርኬዙ ያን ሁሉ ዓመት ልጥ ማረፊያ ተቀምጦ ያላያት መሆኑ የሚገርም ቢመስልም፣ ከድንጋዩ ቀለም የማትለይና ከጭብጥ የማትበልጥ ወፍ ናት።

የደኑ ችግር የታወቀ ነው። ማገዶ ከዚያ ይወጣል፣ ምሰሶ ከዚያ ይወጣል፣ እርሻም ወደ ዳገቱ ይገፋል። በተዳፋቱ ላይ አንዴ የተነቀለ ጽድ ከሥሩ ያለውን አፈር ይዞ ይሄዳል፤ ወራጁ ውኃ አፈሩን አይራራን ወደመሳሰሉት ወንዞች፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ያወርደዋል። የአርጎባ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው የድንጋይ እርከን ይህንን የሚያግድ ነው፤ ካቡ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ካልተጠገነ ግን አንድ ቀዳዳ ሙሉ ደረጃውን ይዞ ይወርዳል። ጉልበት ያለው ወጣት ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ በሄደበት ቤት ካቡን የሚጠግኑት ሽማግሌዎች ናቸው፤ የማይጠገነውም ብዙ ነው።

መንገድ መጥቷል። ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከአንኮበርም ገደሉን እየተጠማዘዘ በአልዩ አምባ በኩል ወደ አፋር የሚወርድ የመኪና መንገድ አለ። አቅጣጫው ሲታይ የድሮው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ማለት ነው። ኩርባው ላይ የጭነት መኪና ሲመጣ ባለ አህያው ወደ ተራራው ይጠጋል፤ መኪናው ያልፋል፣ አቧራው ይሰክናል፣ አህያውም ሽቅቡን ይቀጥላል።